የዶቅዶቄ ጥላሸትና የእማሆይ ትንፋሽ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር

ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሄድኩት አክስቴን እማሆይ ወለተ ሥላሴን ለማድረስ ነው። መንገዱ ለጠንካራ እግረኛ የአንድ ቀን ነው፤ እኛ ሦስት ቀን ፈጀንበት። ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ፣ በየማደሪያው በእርሳስ የጫርኳቸውን ወረቀቶች ፊቴ ዘርግቼ ነው። አንኮበርን አይቶ የማያውቅ አንባቢ ስለ ተራራውና ስለ ገደሉ ብዙ እንዳይጠብቅ ከወዲሁ ልንገረው። እኔ የማወራው ስለ ጨርቅና ስለ ጥላሸት ነው።

ፊደል ያስቆጠሩኝ እማሆይ ናቸው። ባሌ ከሞተ በኋላ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነው የጀመርኩት። ጎረቤት "በዚህ ዕድሜዋ ለማን ልታነብ ነው?" ሲል እማሆይ "ለራሷ" ብለው ዘጉት። እንግዲህ እኚህ ሴት ሁለት ክረምት ሙሉ ሲያስሉ ዝም ብዬ ልመለከት አልችልም ነበር።

ቤታችን ከጣልያን ግቢ አጥር ጋር ይዋሰናል። ሶላቶዎቹ ደብዳቤ የሚያመላልሱባቸውን ሞተር ብስክሌቶች፣ እኛ ዶቅዶቄ የምንላቸውን፣ እዚያ ያሳድሯቸዋል። ስምንት ናቸው። ዕቃ የሚጭን ባለ ሦስት እግር ደግሞ አንድ አለ፤ እሱ ከሁሉም ይብሳል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ሞተር ስለማያስነሳ፣ ጎህ ሲቀድ አንድ በአንድ እየረገጡ ያስነሷቸውና እስኪሞቁ ድረስ ባሉበት እያጓሩ ይተዋቸዋል። ያ ሰማያዊ ጭስ አጥሩን ተሻግሮ በምሥራቁ መስኮታችን ይገባል። እማሆይ ጸሎት የሚያደርሱት ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መስኮት ፊት ቆመው ነው። መስኮቱ የሳንቃ ነው፤ ሲዘጋ ቤቱ ይጨልማል።

"እማሆይ፣ ወደ ምሥራቅ መዞሩ ግድ ነው፤ መክፈቱ ግን ግድ አይደለም" እላቸዋለሁ።

"በፈጣሪ ፊት መስኮት ልዝጋ? ደግመሽ እንዳትናገሪው!"

ታላቅ ወንድሜ ሳሉ የብርድ ነው ብሎ ቆርጧል። ብርድ ከሆነ መድኃኒቱ ቆላ ነው፤ ስለዚህ ከአባታችን ዘመን ጀምሮ ቤታችን የሚያርፈውን የአልዩ አምባ ነጋዴ ከድርን፣ እማሆይን ይዞ እንዲወርድ አነጋገረው። እኔ ጭሱ ነው አልኩ።

"በኩበት ጭስ ተወልደሽ፣ በኩበት ጭስ አድገሽ፣ ዛሬ ጭስ ነውር ሆነብሽ?" አለኝ።

"ጋሼ፣ ክረምት ገና መውጣቱ ነው። ቆላው አሁን የወባ ቤት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት ከሳል አሽሽተህ ለወባ ትሰጣለህ?"

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። እስከ አንኮበር አብሬ እሄዳለሁ። እዚያ መንገዱ ሁለት ነው፤ አንዱ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ፣ ሌላው የእማሆይ የድሮ ባልንጀራ ወዳሉበት የመነኮሳት ሰፈር። የትኛውን እንደሚይዙ እማሆይ እዚያው ይቁረጡ። ወንድሜ ቆላን እንደሚመርጡ አልተጠራጠረም፤ እማሆይም ብርድ ነው ባይ ነበሩና።

እኔ ያለ ማስረጃ አልሄድኩም። አሮጌ ነጠላዬን እኩል እኩል ቀድጄ፣ አንዱን ቁራጭ ከምሥራቁ መስኮት ላይ ሦስት ቀን ሰቀልኩት። አመድማ ሆነ። በወረቀት ጠቅልዬ ያዝኩት። የእማሆይንም ትንፋሽ ለካሁ፤ ጸሎታቸውን ሲያነቡ ሳይቆሙ ስንት መስመር እንደሚሄዱ እቆጥር ነበር። ሁለት መስመር ነው። የጤነኛ ልክ እንዲኖረኝ ራሴን ለካሁ፦ ሰባት።

ሰኞ

ገና ውርጩ ሳይለቅ ወጣን። እማሆይ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፣ ከድር ከፊት። ሁለት ባዶ በቅሎዎቹ ከኋላ ይከተላሉ፤ የጫነውን ጥጥ ደብረ ብርሃን አራግፎ ነው የሚመለሰው። የበሬሳን ወንዝ ስንሻገር ውኃው ከቤታችን ማድጋ ውኃ ይልቅ ይበርድ ነበር።

ከኬላው ላይ አንድ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ያገር ሰው ወታደር፣ አስቆመን። የይለፍ ወረቀታችንን አየና መለሰ። ቀጥሎ ጥቅሌን ፈታ፤ ከውስጡ ነጫጭ ጨርቆችና አንድ አመድማ ጨርቅ ሲያገኝ ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ምንድነው? ለሽፍታ ምልክት የምታሳዩበት ነው?"

እኔ ስለ ጥላሸት ላስረዳው አፌን ስከፍት ከድር ቀደመኝ።

"የእማሆይ የሳል ጨርቅ ነው ጌታዬ። አክታ ነው።"

አስካሪው ጨርቁን እንደ እሳት ጣለው። እጁን በሱሪው ጠራርጎ "ሂዱ፣ ሂዱ!" አለን። ጥቂት እንደራቅን እማሆይ በበቅሎዋ ላይ እየሳቁ "የኔ አክታ እንዲህ ከሆነስ ሬሳ ነኝ" አሉ። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ማስረጃዬ መሬት ወድቆ አቧራ ነክቶታል። አራገፍኩት፤ አቧራው ረገፈ፣ ግራጫው ግን እንዳለ ቀረ። ይህንንም ጻፍኩ።

ሜዳው ሰፊ ነው፤ ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ይጠብቃል። እስከ ምሳ ሦስት ዶቅዶቄ አለፈን። በሜዳው ላይ ሲያልፉ ጭሳቸውን ነፋስ ይበትነዋል፤ ዳገት ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ ይጨነቅና ጭሱ ይጠቁራል፣ መንገዱ ላይም ተኝቶ ይቆያል። በየዳገቱ እማሆይ ያስላሉ። ከድር ራሱ በመጨረሻ "እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች ዳገት ላይ ሲደርሱ ለምን አይወርዱለትም? በቅሎ እንኳ ይወረድላታል" አለኝ።

ምሳችን በሶ ነበር። ከድርም ከኛው በሶ በላ፤ "በበሶ ላይ ሃይማኖት የለም" እያለ።

ያደርነው ሜዳው መሐል ባለች ትንሽ መንደር፣ የደብሩ ቄስ በሆኑት በመምሬ ገብረ ሕይወት ቤት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ የእማሆይን እግር በሞቀ ውኃ አጠቡ፤ የራሳቸውን መደብ ለቀው ከምድጃው አጠገብ አስተኟቸው። ለከድር እዚያው ግድግዳ ጥግ ሰሌን ተነጠፈለት፤ ሲሰግድም መምሬ ራሳቸው "ቅብላው በዚህ ነው" ብለው አመለከቱት። እኔ ሁለተኛውን ነጭ ጨርቅ ከምድጃው በላይ ሰቅዬ ተኛሁ። የኩበት ጭስ ከዶቅዶቄው ጭስ እጅግ እንደሚያንስ ላሳይ ነበር አሳቤ።

ማክሰኞ

ጠዋት ጨርቁን ሳወርደው ከድስት ቂጥ ይጠቁራል። በአንድ ሌሊት! የደብረ ብርሃኑ የሦስት ቀኑ ከጎኑ ሲቀመጥ ነጭ መሰለ።

እማሆይ ሁለቱንም አዩአቸው። አዩኝም።

"ልጄ፣ ጭስሽ ተሸነፈ" አሉ።

ከድር ሳቁን ለመደበቅ በቅሎ ሊጭን ወጣ። እኔ ሁለቱንም ጨርቆች ከግድግዳው ሥር ትቼ፣ ወደ መምሬ ዘንድ ሄድኩ። ስናደድ መጽሐፍ ማየት ያረጋጋኛል። መምሬ ከቅስናቸው ሌላ ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ራሳቸው ይፍቃሉ፣ ቀለም ራሳቸው ይበጠብጣሉ። ለደብሩ የሚጽፉትን የጸሎት መጽሐፍ አወጡልኝ። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ደስ ይላሉ፤ ፊደሉ ጥቁር፣ ጠርዙ ጥርት ያለ። ከመካከል ስደርስ ግን እያንዳንዱ ፊደል ዙሪያውን ቢጫ ነገር ከቦታል፤ ቅባት እንደፈሰሰበት ወረቀት። ከፊቱ ያለው ገጽ ላይም ተለጥፎ ጥላው ወጥቷል።

"መምሬ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

አንገታቸውን አከኩ። መልሱን የሰጡኝ ከጓዳ የነበሩት ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

"ይንገሩሽ እንጂ! ሰኔ ላይ አንዱ ሶላቶ ዶቅዶቄው ከአጥራችን ሥር ቆመችበት። የጭስ ቱቦዋን ፈቶ ጠርጎ ሄደ። እኒህ ደግሞ ዝናብ እየመታቸው ጥራጊውን በቅል አፍሰው ገቡ። 'ከድስት ጥቀርሻ የላመ ነው፣ እግዜር የሰጠኝ ነው' ብለው ክረምቱን ሙሉ ሲያሹት ቤቴን በቤንዚን አገሙት!"

"የላመማ ነበር" አሉ መምሬ። "እንደ ዱቄት። ወንፊት አላስፈለገውም።"

እማሆይ ከመደባቸው "እስቲ አምጡልኝ" አሉ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዙረው፣ ጣታቸውን በፊደሉ ላይ አሳለፉ፤ ከዚያ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን አሻሹ። ጸሐፊዎች ቀለም ሲፈትኑ እንደሚያደርጉት።

"ላብ አለው" አሉ። "ሦስት ወር ውኃ ጠጥቶም አልለቀቀውም። መምሬ፣ ይሄ ቅባት ነው እንጂ ጥላሸት አይደለም። ብራናው ውስጥ ገብቷል፤ በምላጭ ቢፍቁትም አይወጣልዎ።"

"ፍቄው ነበር" አሉ መምሬ ቀስ ብለው። "አራት ቅጠል በሳሁ።"

ወጥቼ ጨርቆቼን ስፈልግ ከግድግዳው ሥር የሉም። ወይዘሮ አስካለ እኛ መጽሐፉን ስናይ ወስደው፣ በእንዶድ አጥበው፣ አጥር ላይ አስጥተዋቸዋል። ለእንግዳ ክብር ብለው ነው! "ምነው ወይዘሮ አስካለ፣ ማስረጃዬን!" ብዬ ሮጥኩ።

አጥሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። የምድጃው ጨርቅ፣ ያ ከድስት ቂጥ የጠቆረው፣ ወተት የመሰለ ነጭ ሆኗል። የደብረ ብርሃኑ ግን እንደ ግራጫነቱ አለ፤ እንዲያውም ቅባቱ ተስፋፍቶ መሐሉ ላይ እንደ ደመና ተዘርግቷል።

"ይሄኛውን ሁለቴ አሸሁት፣ እምቢ አለኝ" አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ያጠፉ መስሏቸው ተጨንቀው። "ጨርቁ ሳይሆን አይቀርም የተበላሸው። ይቅር በይኝ እህቴ።"

አቅፌ ሳምኳቸው። እኔ ሰው አቅፌ የምስም ሴት አይደለሁም፤ እሳቸውም ደነገጡ። ጥቁረቱን ብቻ ስለካ ነበር የተሳሳትኩት፤ መለካት የነበረብኝ የሚለቀውንና የማይለቀውን ነው። የምድጃ ጭስ ደግ ነው አልልም፤ ዓይን ያጠፋል፣ ደረትም ያስጨንቃል። የዶቅዶቄው ግን ከገባበት አይወጣም።

ጨርቆቹን ለእማሆይ አሳየኋቸው። አዩና "መንገድ ይመሽብናል" አሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ የቁንዲ ተራራ ከፊታችን ሲቀርብ፣ ከአንዲት ጅረት ማቋረጫ ላይ አንድ ሶላቶ ዶቅዶቄው እስከ ግማሽ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ሰጥማበት ቆሟል። ልጅ እግር ነው፣ ፊቱ በጭቃ ተለብጧል። በእጁ ወደ በቅሎዎቹ አመለከተ፤ እጆቹን ገጠመ፤ ለመነ። ከድር ገመድ አስሮ በአንዷ በቅሎ ጎትቶ አወጣለት።

"በቅሎዬ መንግሥት ጎተተች" አለን በአማርኛ፣ ለሶላቶው ጎንበስ እያለ።

ሶላቶው ለከድር ሲጋራ፣ ለእማሆይ ከኪሱ ብስኩት ሰጠ። እማሆይ ጾም ነኝ ብለው ለበቅሎዋ አበሏት። እስከዚህ ሁሉም መልካም ነበር። ከዚያ ሞተሩን ለማስነሳት ረገጠ፣ ደጋግሞ ረገጠ፤ ሲነሳ የታፈነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፋ። ቱቦው የዞረው ወደ እማሆይ ነበር።

እንዲህ ሲያስሉ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከበቅሎዋ አውርደን ሣር ላይ አስቀመጥናቸው። ከንፈራቸው ጠቆረ። ከድር ከራሳቸው በላይ ጋቢውን ዘርግቶ "ያ አላህ፣ ያ አላህ" ይላል። እኔ እጃቸውን ይዤ ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ሳሉ ጋብ ሲል፣ የያዝኩላቸው ነጭ ቁራጭ ላይ ጥቁር አክታ ተፉ።

እማሆይ ጨርቁን ከእጄ ወሰዱ። አዩት። ከዚያ ልክ እንደ ጠዋቱ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል አሻሹት። እጃቸውን ጅረቱ ውስጥ ነከሩ፤ ጣታቸው ሲወጣ ውኃው ላይ ቀጭን ቀስተ ደመና ተንሳፈፈ።

ቀስተ ደመናው በጅረቱ እስኪወሰድ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

ማታ ጎረቤላ ገባን። ከድር ከወዳጆቹ ዘንድ ሄደ፤ እኛ ከአንዲት ባል የሞተባት ጠላ ሻጭ ቤት አደርን። የእማሆይን ሁኔታ ስታይ፣ ቤት ውስጥ እሳት አላነድም ብላ በዚያ ብርድ ደጅ ላይ ሽሮ ሠራችልን። ጎረቤቶቿ "አበደች" ሲሉ "እንግዳዬ ትተንፍስ፣ እኔ ልበድ" አለቻቸው። ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለ ሰው አለ ቢሉኝ እጠራጠራለሁ፤ ብርዱ ተመሳሳይ ነው፣ በሩ ግን እኛ ዘንድ ቶሎ ይዘጋል። የዚያን ሌሊት እማሆይ ያነበቡት አንድ መስመር ብቻ ነው።

ረቡዕ

ከጎረቤላ አንኮበር ቅርብ ነው። መንገዱ የተራራውን ወገብ ይዞ ይዞራል፤ በስተግራ ደን፣ በስተቀኝ ጭጋግ። ዶቅዶቄ እስከ ጣልያኖቹ ምሽግ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲህ ግን መንገዱ የእግርና የበቅሎ ብቻ ነው። ድምፁ ከኋላችን እየራቀ ሄዶ ሲጠፋ እማሆይ ጆሯቸውን ጣል አድርገው አዳመጡ።

መንታው መንገድ ላይ ከድር በቅሎዋን አቆመ።

"እንግዲህ እማሆይ፣ ቁልቁሉ የኛ ነው። ቤቱ ቤትዎ ነው። ሚስቴ ለብቻዎ ጎጆ አጥናልዎት ነው የምትጠብቀው፤ ወላሂ እንደ እናቴ ነው የማኖርዎት። ሙቀት እንደሆን ሞልቷል።"

ውሸት አልነበረውም። ልናገር ስል እማሆይ በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ከድር ልጄ፣ ቤትህ ይባረክ። ሁለት ክረምት ብርድ ብርድ ስል ኖርኩ። ብርድ ቢሆን አክታዬ በውኃ ላይ አይንሳፈፍም ነበር።" ከዚያ ወደ ዳገቱ ተመለከቱ። "ብርዱን እዚህ እጠጣዋለሁ። ወባህን ለራስህ ያዛት።"

"ወባውስ የኔ አይደለም እማሆይ፣ የወንዙ ነው!" ብሎ ከድር ሳቀ። ከባዶው ጆንያ ጥግ የቀረውን አንድ ጉማጅ ጥጥ አወጣ፤ "ለደረትዎ" አለና ሰጣቸው። ሌላ ጊዜ ሲወጣ ለወንድሜ እውነቱን እንዲነግርልኝ አደራ አልኩት። "ካንቺ ጨርቅ በላይ ምን ልንገረው እትዬ?" ብሎ ቁልቁል ሄደ።

ከዚያ በኋላ

መነኮሳቱ ማብሰያቸው ለብቻው ነው፤ ከማደሪያቸው ሃያ እርምጃ ይርቃል። ይህን መጀመሪያ ለካሁ። የእማሆይ ክፍል መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከመስኮቱ በታች ገደል፣ ከገደሉ ማዶ የአፋር በረሃ ጭው ብሎ ይታያል። በመሐል አጥር የለም፣ ግቢ የለም። አየር ብቻ።

አሥራ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ጨርቄን መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት፤ በአሥራ ሁለተኛውም ቀን የነካው ጤዛ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ጠዋት እማሆይ ሦስት መስመር ሄዱ። በአምስተኛው ቀን አምስት። በዘጠነኛው ቀን የገጹን ግማሽ ዓምድ ጨርሰው ቀና ሲሉ ስቆጥር ያዙኝ።

"አሁንም ትቆጥሪያለሽ?"

"እቆጥራለሁ።"

"የራስሽንስ?"

ያን ቀን ራሴን ለካሁ። ዘጠኝ። ሰባትን የጤነኛ ልክ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰባት ግን የጤነኛ ልክ አልነበረም። በዚያው መስኮት ሥር የምትኖር የሌላ በሽተኛ ትንፋሽ ነበር። ወረቀቴ ላይ ሰረዝ አድርጌ አረምኩት።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ወንድሜ ሁለቱን ጨርቆች አገላብጦ አየ። እንዶድ አስመጥቶ የግራጫውን ራሱ አጠበው፤ እኔ የነገርኩትን ሳያጣራ የሚያምን ሰው አይደለም፣ በዚህ እንመሳሰላለን። ሲደክመው ጨምቆ አጥር ላይ ሰቀለውና "በይ እሺ" አለ። ከሱ ይህ ብዙ ነው።

ከወር በኋላ ከድር ጥጥ ጭኖ መጣ። በአንኮበር በኩል አልፎ እማሆይን ጠይቋቸዋል።

"ደህና ናቸው። ድምፃቸው ከደጅ ይሰማል። መልእክት ልከውብሻል፤ ቃል በቃል አድርስ ብለውኛል" አለ።

"ምን አሉ?"

"'ስንት መስመር ደረስሽ?' ብለህ ጠይቃት አሉ።"

ያን ጠዋት ለክቼ ነበር፤ ተመልሶ ሰባት ሆኗል። ከድር ዝምታዬን አይቶ ቀጠለ፦

"'መልስ ካጣች እንዲህ በላት' አሉ፤ 'መስኮቱን ዝጊው። ፈጣሪ በሳንቃም ያያል።'"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ስምንቱ ዶቅዶቄዎች አንድ በአንድ ተነሱ፤ ባለ ሦስት እግሩም ተከተለ። መስኮቱን ገፍቼ ዘጋሁት፤ ስንጥቁን ከድር በተወልኝ ጥጥ ደፈንኩ። ቤቱ ጨለመ። መጽሐፌን አጥፌ፣ ፊቴን ወደ ሳንቃው አድርጌ፣ እማሆይ በቃሌ ያስጠኑኝን ጀመርኩ።